የአባትየው ቁና

አንድ ገበሬ ነበረ። መሬቱ ሰፊ አይደለም፣ ጠባብም አይደለም፤ ከአባቱ የወረሰው ነው። ሚስት አለችው፣ ሦስት ልጆች አሉት፣ ጓሮ ካለችው ትንሽ ጎጆ ደግሞ አሮጊት እናቱ አለች። ሰውየው ሠራተኛ ነው። በማለዳ ይነሣል፣ በሬዎቹን አይበድልም፣ በዓል አይሽርም። ታዲያ «ምን ጎደለህ?» ያለው ሰው ቢኖር፣ የጎደለውን ለማሳየት ሩቅ አይሄድም ነበር። የቤቱ ምሰሶ ላይ ተቆጥሮ ተቀምጦለታል።

ልጄ የዝና፣ ትናንት ከለቅሶ ቤት ስንመለስ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ምሰሶው ልንገርሽ።

የገበሬው አባት ፊደል አልቆጠረም፤ ግን ልማድ ነበረው። ጤፉ ተወቅቶ አውድማ ላይ በቁና ሲሰፈር፣ አሥር ቁና በሞላ ቁጥር አንድ ጠጠር ኪሱ ይከታል። ቁና እንግዲህ ከሣር የተሰፋ የእህል መስፈሪያ ነው፤ እናንተ ኪሎ ነው የምታውቁት። አሰፋፈሩም ወግ ነበረው። የመጀመሪያውን ቁና «አንድ» ብሎ ዝም አይልም፤ «አንድ አምላክ» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ በረከቱ እንዳይሸሽ። ማታ ቤቱ ሲገባ ጠጠሮቹን አውጥቶ፣ ለእያንዳንዱ ጠጠር በማጭድ ጫፍ ምሰሶው ላይ አንድ ጭረት ይጭራል። የአንዱ ዓመት ጭረት በአንድ ረድፍ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ከበላዩ ይሆናል። እንዲህ እያለ ረድፉ ምሰሶውን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ከታች ያሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምሰሶው ሥር ከቆመው ትልቅ የእህል ጎታ በስተኋላ ተደብቀው ቀሩ።

አባትየው ሞተ። ልጁ የአባቱን ቁና ለክብሩ ብሎ ምሰሶው ላይ ሰቀለውና ማንም እንዳይነካው አለ። እህሉን ሚስቱ ከእናቷ ቤት ባመጣችው ቁና ይሰፍር ጀመር። ሁለቱ ቁናዎች ከውጭ ሲታዩ እኩያ ናቸው፤ መንታ ቢባሉ ያምርባቸዋል። የጭረቱን ልማድ ግን አልተወም። ከአባቱ ረድፎች በላይ የራሱን ጫረ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። የአባቱ የመጨረሻ ረድፎች አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ ይላሉ። የእሱ ደግሞ ስድስት፣ ሰባት፣ ስድስት፣ ስድስት። መሬቱ ያው፣ ወንዙ ያው፣ ላቡ እንዲያውም ከአባቱ ላብ ይብሳል። እህል ሲቀርብለት ፊቱ ወደ ምሰሶው ነው። እየበላ ይቆጥራል፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ምግቡ አይወርድለትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ይህንኑ ሲያነሣ፣ ሽማግሌዎቹ እንደ ጠበቁት ሁሉ ይቀባበሉት ነበር።

«መሬቷ አርጅታለች» ይላል አንዱ።

«ዝናቡስ ብትል? ዝናቡም እንደ ሰው መዋሸት ለምዷል። ደመና ያሳይህና ጎረቤትህ ጋ ይዘንባል።»

«ድሮ እኮ አንድ ሰው አርሶ አሥር ሰው ያበላ ነበር። አሁን አሥር ሰው አርሶ አንዱን ሰው እንኳ አያጠግብም።»

ይስቃሉ፤ ጠላቸውን ይጠጣሉ፤ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ገበሬው ግን አይስቅም። የሰማውን ይዞ ወደ ምሰሶው ይመለሳል።

በመጨረሻ ቆረጠ። ይህ አገር አልቆለታል አለ። መሬቱን ለጎረቤት በእኩል ሊሰጥ፣ ምርቱን ለሁለት ሊካፈል፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቆላ ወርዶ ደን መንጥሮ አዲስ መሬት ሊያቀና ወሰነ። ጉዞው ከጥምቀት ማግስት ሆነ። ሚስቱ ሲጨንቃት ዝም የምትል ሴት ናት፤ ያን ሰሞን ጭራሹን ቃል አልወጣትም። እናቱን «ተነሺ፣ አብረን እንሂድ» ቢላት እምቢ አለች።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቆላ ወርጄ ማን ያውቀኛል?» አለችው። «ሞት እንኳ ሊወስደኝ ሲመጣ ‹ከዚህ የለችም› ተብሎ ሲንከራተት ሊኖር ነው?»

ልጁ ሳቀ። እናቱን ትቷት ሊሄድ ነው። ይህን እያወቀ ልቡ አልተመለሰም፤ ጭረቱ ከእናቱ ይልቅ ጮክ ብሎ ይናገረው ነበር።

የዚያ ዓመት እህል ተወቃ። በሚስቱ ቁና ስድሳ ሁለት ቁና ሆነ። ስድስት ጭረት። ከዚህ ላይ ሃያ ቁና ለእናቱ ስንቅ ትቶላት ሊሄድ አሰበ።

«ስትሰፍርልኝ በአባትህ ቁና ይሁን» አለች እናቱ። «ሲሰፈርልኝ የኖረው በእሱ ነው።»

ለምን እንደዚህ እንዳለች አልጠየቃትም። ቁናውን ከምሰሶው አወረደ። ሲያወርደው እጁ አብሮ ወረደ፤ ከበደው። ሊያግዘው የመጣ ጎረቤት ቁናውን ተቀብሎ መዘነና፣

«አይ የድሮ ሰው!» አለ። «ሲሰፉ እንኳ ለልጅ ልጅ ብለው ነው። የዛሬውን ቁና ነፋስ ይወስደዋል።»

ገበሬው «አንድ አምላክ» ብሎ ጀመረ። ሃያ ቁና ሰፍሮ ለእናቱ ለየ። ዞር ብሎ ክምሩን ቢያየው ክምሩ እንዳለ ነው፤ የተነካም አይመስል። ግራ ገባውና የቀረውንም መስፈር ያዘ። አርባ ሁለት መቅረት ነበረበት። አርባ ሁለት አለፈ። ስድሳ አለፈ። ሰማንያ ደረሰ። ሰማንያ ስምንት ላይ አለቀ። ከእናቱ ሃያ ጋር መቶ ስምንት! አሥር ጭረት! ልክ እንደ አባቱ!

ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ። ጎረቤቱ እልል ብሎ ሮጠ።

ከዚያማ ምኑ ይነገራል! የአባትየው ቁና በረከት አለው ተባለ። ስድሳ ያለው ሰው መቶ እየሆነለት፣ ሰባ ያለው መቶ ሃያ እየሆነለት፣ ቁናው ከቤት ቤት ሲዞር ሰነበተ። ሰንበቴው ላይ ሽማግሌዎቹ «ዘመኑ ተመለሰ!» አሉ። አንዱ ደስታው ልክ አጥቶ ለልጁ ሠርግ ሌላ በሬ እጨምራለሁ ብሎ በሰው ፊት ቃል ገባ። የዚህ ሰው ሚስት ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ወንዶቹ ከተቀመጡበት ድረስ መጣች።

«መቶ አምስት ቁና አስገባሁ ብሎኛል» አለች። «ጎታዬ ግን እንዳምናው ወገቡ ላይ ነው። የቀረው የት ገባ? በመንገድ የበላው ካለ ይንገረኝ፣ አልጣላውም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ በረከት በዓይን አይታይም» አላት ባሏ።

«ታዲያ በዓይን የማይታየውን እንዴት አድርጌ ላቡካው?»

ሳቁባት። ሰው የተደሰተበትን ነገር መመርመር አይወድም።

ጥምቀት አለፈ። ገበሬው በረከቱ የቁናው እንጂ የመሬቱ አይደለም ብሎ ቆላ መውረዱን አልተወም፤ አህያዋን ጫነ። ከጭነቱ በላይ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ነገር አሰረ። ጎረቤቶቹ ሊሸኙት መጥተው ያንን አዩ።

«ያ ምንድን ነው?» አለ አንዱ።

«ያባቴ ቁና።»

«ይዘኸው ልትሄድ?»

«ያባቴ ነዋ!»

«አባትህ የኛም አባት ነበሩ! መሬቱንስ ተውኸው፣ ናቅኸው። በረከቱን ግን ዘርፈህ አትሄድም!»

አንዱ ጨርቁን ያዘ። ገበሬው ነጠቀ። ሌላው በዚያ በኩል ሳበ። ሲጎተት፣ ሲወራጭ፣ አህያዋ ደንብራ ግማሹን ጭነት መሬት ጣለችው። አብረው ክርስትና ያነሡ፣ አብረው ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች ዱላ አነሡ። በዚህ መካከል እናቲቱ ምርኩዟን ይዛ ከጓሮ ብቅ አለች። አልጮኸችም። ቀስ ብላ መጥታ መካከላቸው ቆመች። ሰው ሁሉ እጁን ሰበሰበ።

«እሜቴ፣ ቁናው የባልዎ ነው» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «እርስዎ ይፍረዱን። ይሂድ ወይስ ይቅር?»

«ልፍረድ?» አለች። «እንግዲያስ ውሃ በገንዳ አምጡልኝ።»

ግራ ተጋብተው ተያዩ። የገበሬው ሚስት ግን ቃል ሳታወጣ ሄዳ ገንዳውን በውሃ ሞልታ አመጣችው። አሮጊቷ ቁናውን ከጨርቁ ፈታችና ውሃው ውስጥ ነከረችው።

«እማዬ!» ብሎ ጮኸ ልጇ። «አባቴን ነው እኮ የምታሰምጪው!»

«አባትህ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው፤ አይሰምጥም። ቁጭ በሉ። አያስቸኩልም።»

ቁጭ አሉ። ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ቆዩ። ከዚያ አሮጊቷ ቁናውን ከውሃ አወጣችና አውራ ጣቷን ወደ ውስጡ ሰዳ ጫን አለች። ከውስጡ አንድ ቅርፊት እንደ ቂጣ ተላጠ። ከሥሩ ሌላ ቅርፊት አለ። ከዚያም ሥር ሌላ።

«እበት ነው» አለች። «ጤፍ ረቂቅ ነው፤ ቁናው ሲያረጅ ስፌቱ እየላላ ያፈስብን ነበር። እኔም እህል ሊሰፈር ሲል በየዓመቱ ውስጡን አንዴ በእበት እለቀልቀዋለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ለቀለቅሁት።»

እሷ ትልጣለች፤ እየላጠችም ታወራለች፤ ልክ መጽሐፍ እንደሚገልጥ ካህን።

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት። አባትህ ያረፈበት ዓመት። ይቺ ደግሞ እህትህ የተዳረችበት። ይቺን ተመልከት፣ እበት አይደለችም፤ አመድና ጭቃ ናት። ከብቱ በበሽታ ያለቀበት ዓመት ነው፤ እበት ከየት ይምጣ? ምሰሶህ ላይ ለዚያ ዓመት ስንት ይላል?»

ገበሬው ከጎታው በላይ ያለውን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። «ዘጠኝ» አለ።

«ዘጠኝ። እኔ ደግሞ ያን ክረምት ሳማ ቀቅዬ ነው ያሳደግኋችሁ።»

አንድ ቅርፊት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ቅርፊቱ ላይ የትንሽ ልጅ ጣት ያረፈበት ጉድጓድ ነበር።

«ይቺ የወንድምህ ጣት ናት» አለች። «ስለቀልቅ አጠገቤ ተቀምጦ ጣቱን ሰደደ። ገሠጽኩት። ኩፍኝ ገባና እሱን ወሰደው፤ በሳምንቱ ታናሹን አስከተለ። ለዚያ ዓመት ስንት ይላል?»

«አሥር» አለ ገበሬው፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አሥር ባለበት ዓመት ሁለት ልጅ ቀበርኩ። ያንተ ሦስቱ ግን ክንዳቸውን ተወግተው ይኸው ይሯሯጣሉ። ይሄንን ምሰሶው ላይ የት ጫርኸው?»

ያችን ቅርፊት ከሌሎቹ ለየችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት። የቀሩትን እዚያው ከገንዳው ጎን ከመረቻቸው። ቁናው ራቁቱን ቀረ፤ ቀለለ። ምራቷ የራሷን ቁና አመጣችና በጤፍ ሞላችው፤ ከዚያም ወደ ታጠበው ቁና ገለበጠችው። ልክ ሆነ። እፍኝ አልተረፈም፣ እፍኝ አልጎደለም። ያቺ ጎታዬ ወገቡ ላይ ነው ያለችው ሴት ባሏን ቀና ብላ አየችው፤ ባሏም ሌላ በሬ እጨምራለሁ ማለቱ ትዝ ብሎት አቀረቀረ።

ገበሬው ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ። ጎታውን በትከሻው ገፍቶ ከምሰሶው አራቀው። ከሸረሪት ድር በስተኋላ፣ መሬት ለመሬት፣ የአባቱ የመጀመሪያ ዓመት ረድፍ አለ። ቁናው ገና አዲስ የነበረበት፣ አንዴም ያልተለቀለቀበት ዓመት። በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ስድስት። ከበላዩ ስድስት። ከዚያ ሰባት። ቁናው ከውስጥ እየጠበበ ሲሄድ ነው ጭረቱ ወደ ላይ እየበዛ የሄደው።

ሲወጣ እናቱን፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ስቃጠል እያየሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ምሰሶውን ነበራ ስትጠይቅ የኖርኸው» አለችው። «እኔ ጓሮ ነበርኩ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ከፍቶት ነበር። ቅርፊቱን በምርኩዙ እየነካካ፣ «እንግዲያስ እሜቴ፣ የድሮው ሁሉ ውሸት ነው ማለትዎ ነው?» አላት።

«ውሸትስ አላልኩም፤ እመቤቴን!» አለች። «የውሃ ምንጩ ነገር እውነት ነው። ያኔ ምንጩ ከዚህ ከሾላው ሥር ነበር፤ ልጅ አዝዬ፣ ወጥ ጥጄ፣ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ወጡ አያርም። ዛሬ ምራቴ ወንዝ ድረስ ትወርዳለች። ያ ቀንሷል፤ ማንም ቢለካው ቀንሷል። ግን ‹ዘመኑ አደረቀው› ስትሉ እሰማለሁ። ዘመን መጥረቢያ አለው? ከምንጩ በላይ የነበረውን ወይራ የቆረጥነው እኛው ነን። ያ የምትቆጥሩበት ምሰሶ ራሱ ከዚያ የተቆረጠ ነው፤ ባሌ ሲቆርጠው እኔ ምሳ አድርሼለታለሁ።»

ሽማግሌው ምርኩዙን ወደ ጎን አስቀመጠና የወደቀውን ጭነት ማንሣት ጀመረ። ሌሎቹም ተነሡ። ጭነቱን ግን ወደ አህያዋ አልመለሱትም፤ ወደ ቤት አስገቡት። ገበሬው አልከለከላቸውም። ሚስቱ ስንት ሳምንት የዘጋችውን አፏን ከፍታ፣ «ገንዳውን መልሱልኝ፣ ከብቶቹ አልጠጡም» አለች። ከዚያች ቀን በኋላ እንደ ልማዷ ታወራ ጀመር።

በሚቀጥለው ክረምት ከምንጩ በላይ ባለው ዳገት ላይ በደቦ እርከን ሠሩ፤ ወይራና ዋንዛ ተከሉበት፤ ከብት እንዳይገባበትም አጥረው በየተራ ጠበቁት። ምንጩ እንደ ድሮው ሆነ አልልሽም። በአራተኛው ዓመት ግን ከመስከረም አልፎ እስከ ታኅሣሥ መፍሰስ ጀመረ። ገበሬውም ምሰሶው ላይ ከጤፉ ረድፍ ጎን አዲስ ረድፍ አወጣ፤ ምንጩ በፈሰሰበት ወር ልክ የሚጭረው። አሰፋፈሩን ደግሞ እንዲህ አደረገ፤ በየዓመቱ እህል ከመሰፈሩ በፊት ቁናውን ያጥባል፣ ከዚያ «አንድ አምላክ» ይላል።

እንግዲህ ልጄ የዝና፣ ትናንት «እማዬ፣ ኑሮ ድሮ ይሻል ነበር ወይስ አሁን? ይህች አገር እየወረደች ነው እንዴ?» አልሽኝ። ለቅሶ ቤት ሽማግሌዎቹ ድሮን ሲያነሡ፣ ወጣቶቹ ሲያሾፉ ሰምተሽ ነው የጠየቅሽኝ፤ አየሁሽ።

እኛ የምናወራልሽ ድሮ ያ የአባትየው ቁና ነው። በየዓመቱ አንዴ ለቅልቀነዋል። በክፋት አይደለም፤ የምንወደው ነገር እንዳይፈስብን ብለን ነው። የሞቱብንን፣ የልጅነታችንን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠራበትን ድምፅ። እየለቀለቅነው ግን ከውስጥ ጠበበ፤ በጠበበው ቁና ስንሰፍር የዚያ ዘመን ነገር ሁሉ መቶ ሆነልን። አሁን አንቺ ያለሽን ኑሮ ባልተለቀለቀው ቁና ሰፍረሽ ስድሳ ብታገኚ አትደንግጪ። የጎደለው ሁሉ አልጎደለም።

ደግሞ የጎደለ የለም ብለሽም አትዘናጊ፤ ምንጩ አለ። ታጥቦ ተሰፍሮም የሚጎድለውን ስታገኚ፣ ዘመንን ትተሽ መጥረቢያውን የያዘውን እጅ ፈልጊ። በእጅ የተቆረጠ በእጅ ይተከላል፤ እኔ ይህን በፈጣሪ ቸርነት በዓይኔ አይቻለሁ፣ ለዚህ ነው የማልፈራልሽ።

ሌላም አለ። ያ ሰው ስንት ዓመት ምሰሶ ሲጠይቅ፣ ቁናውን የለቀለቀችው እናቱ ከጓሮ ተቀምጣ ነበር። እኔም እዚሁ ነኝ። የማስታውሰውን ሁሉ ለቅልቄ እንደምነግርሽ አውቀዋለሁ፤ እናት ነኝና። አንቺ ግን ውሃውን ይዘሽ ነይ። «ያን ዓመት ምን በላችሁ? ማንን ቀበራችሁ? ውሃውስ ከየት ትቀጂ ነበር?» ብለሽ ጠይቂኝ። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እልጥልሻለሁ።